104 ማለት መቶ አራት አይደለም! የካፓሲተር ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ዛሬ ኤሌክትሮኒክስ እየሞከራችሁ ላላችሁ ልጆች የሚሆን ነገር ይዘን መጥተናል።

ሬዚስተርን በቀለሙ ማንበብ ብዙዎቻችሁ ለምዳችኋል። ካፓሲተር ላይ ስትደርሱ ግን ግራ ይገባል። አንዱ ላይ 104 ይላል፣ ሌላው ላይ 0.1 ይላል፣ ዲያግራሙ ደግሞ 100 ናኖፋራድ አምጡ ይላል። ሦስቱም አንድ ናቸው! ይህን ባለማወቅ ብቻ ስንቱ ልጅ የሚሠራ ፕሮጀክቱን «እምቢ አለኝ» ብሎ ጥሎታል። እኛም ከነሱ አንዱ ነበርን።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ እናውራ።

ሁለት ደህና አይሲ የጣልንበት ቀን

ስንጀምር የሠራነው ነገር ቀላል ነበር። በ555 አይሲ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ በየሰከንዱ ብልጭ ድርግም እንድትል ማድረግ። ዲያግራሙ የሚጠይቀው አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ አንድ 68 ኪሎኦም ሬዚስተር እና አንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ሬዚስተሮቹ ነበሩን። ካፓሲተር ስንፈልግ ዕቃ ሳጥናችን ውስጥ 103 የተጻፈባት ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ክብ ነገር አገኘን።

«103 ማለት 10 እና ሦስት ዜሮ ነው። 10,000 ፒኮፋራድ» አልን። እስከዚህ ልክ ነበርን። ቀጥለን «10 ሺህ ፒኮ ማለት 10 ማይክሮ ነዋ!» ብለን ሰካናት።

ኤልኢዲዋ በራች። ግን ዝም ብላ በራች፤ ብልጭ ድርግም የሚባል ነገር የለም። አይሲው ተቃጥሏል ብለን ጣልነውና ሌላ ገዛን። ያው ነው። እሱንም ጥለን ሦስተኛ ገዛን። እሱም ያው! በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋር ይዘን ሄድን። አዩትና ምንም ሳይናገሩ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣች ትንሽ ድምጽ ማጉያ አምጥተው አገናኙት። ድምጽ ማጉያዋ «ጢይይይ» ብላ ጮኸች።

«ልጆች፣ አይሲው ምንም አልሆነም» አሉን። «ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ዓይናችሁ ነው ያልደረሰበት።»

ኤልኢዲዋ በሰከንድ አንድ ጊዜ መብራት ሲገባት በሰከንድ ወደ 986 ጊዜ ገደማ እየበራች ነበር። ዓይናችን ያን ያህል ፍጥነት መለየት ስለማይችል ዝም ብላ የበራች መሰለን። ስህተታችን የት ነበር? ከፒኮ ተነስተን ማይክሮ ላይ ስንዘል መሃል ላይ ያለውን ናኖ ረሳነው። አንድ ደረጃ መዝለል ማለት ደግሞ በሺህ እጥፍ መሳሳት ማለት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ናኖን አትዝለሉ!

ካፓሲተር ምን ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖሩ ሮቶን ታውቃላችሁ። ውሃ በመስመር ሲመጣ ይሞላል፣ መስመሩ ሲቋረጥ ወይም ሲደክም ከሮቶው ይወርዳል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብዙም ሳይታወቀው ይጠቀማል። ካፓሲተርም በሰርኪውት ውስጥ እንደ ትንሽ ሮቶ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲያስፈልግ መልሶ ይሰጣል። ከሬዚስተር ጋር ስታገናኙት ደግሞ ለመሙላትና ለመጉደል የሚወስደውን ጊዜ መወሰን ይቻላል። የ555ቷ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ይሄ ነው። ትልቅ ሮቶ በቀጭን ቧንቧ ሲሞላ ይቆያል፤ ትንሽ ጀሪካን በዚያው ቧንቧ ቶሎ ይሞላል። እኛ ሮቶ ባልነው ቦታ ላይ የሻይ ብርጭቆ ነበር ያስቀመጥነው።

ሀሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 በጀርመን ፎን ክላይስት፣ በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ደግሞ ፋን ሙሸንብሩክ የተባሉ ሰዎች በየፊናቸው ኤሌክትሪክን ጠርሙስ ውስጥ ማጠራቀም እንደሚቻል አገኙ። የዛሬው ካፓሲተር የዚያ ጠርሙስ የልጅ ልጅ ነው። መለኪያው «ፋራድ» የተባለው ደግሞ በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት በማይክል ፋራዳይ ስም ነው።

ችግሩ 1 ፋራድ በጣም ትልቅ ነው። በሆቢ ኤሌክትሮኒክስ የምንነካቸው ካፓሲተሮች በአብዛኛው የዚያ ሚሊዮንኛ፣ ቢሊዮንኛ ወይም ትሪሊዮንኛ ናቸው። ለዚህ ነው ማይክሮ፣ ናኖ፣ ፒኮ የሚባሉት ስሞች የመጡት።

ግራም፣ ኪሎ፣ ቶን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እኛ እስከ ዛሬ የምንጠቀምባት ዘዴ ይህች ናት፦

ፒኮፋራድን ግራም በሉት።
ናኖፋራድን ኪሎ በሉት።
ማይክሮፋራድን ቶን በሉት።

1,000 ግራም 1 ኪሎ ነው። 1,000 ኪሎ 1 ቶን ነው። ልክ እንደዚያው 1,000 ፒኮ 1 ናኖ ነው፣ 1,000 ናኖ ደግሞ 1 ማይክሮ ነው። ከፒኮ እስከ ማይክሮ በአንድ ጊዜ ከሄዳችሁ 1,000,000 ነው።

እስቲ የኛን ስህተት በዚህ እንየው። 10,000 ግራም ስኳር ስንት ነው? 10 ኪሎ። «10 ቶን ነው» የሚል ሰው አይገኝም፤ ቢኖር ባለሱቁ ራሱ ይስቅበታል። እኛ ግን 10,000 ፒኮን «10 ማይክሮ» ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው መልስ 10 ናኖ ነበር።

ወደ ላይ ስትወጡ፣ ማለትም ከፒኮ ወደ ናኖ ወይም ከናኖ ወደ ማይክሮ፣ ለ1,000 ታካፍላላችሁ። ነጥቡ ሦስት ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ታች ስትወርዱ በ1,000 ታባዛላችሁ። ነጥቡ ሦስት ቦታ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በቃ፣ ሌላ ሒሳብ የለውም።

ምሳሌ፦ 0.1 ማይክሮ አለን። ወደ ናኖ ለመውረድ በ1,000 ስናባዛ 100 ናኖ። ወደ ፒኮ ለመውረድ እንደገና በ1,000 ስናባዛ 100,000 ፒኮ። የቶን አንድ አሥረኛ 100 ኪሎ፣ ወይም 100,000 ግራም እንደማለት ነው።

ባለ ሦስት አሃዙ ኮድ

ትንንሾቹ የሴራሚክና የፊልም ካፓሲተሮች ላይ ብዙ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ አምራቾች አጭር ኮድ ይጠቀማሉ። አነባበቡ እንዲህ ነው፦

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች እንዳሉ ጻፏቸው። ሦስተኛው አሃዝ ስንት ዜሮ እንደምትጨምሩ ይነግራችኋል። የሚወጣው መልስ ሁልጊዜ በፒኮፋራድ ነው።

104ን እንውሰድ። 10 ጻፉ፣ አራት ዜሮ ጨምሩ፦ 100,000 ፒኮ። ይህም 100 ናኖ፣ ወይም 0.1 ማይክሮ ነው። አያችሁ? መቶ አራት የሚባል ነገር የትም የለም።

ደጋግማችሁ የምታገኟቸውን እነሆ፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፦

101 ማለት 100 ፒኮ
102 ማለት 1,000 ፒኮ፣ ማለትም 1 ናኖ
472 ማለት 4,700 ፒኮ፣ ማለትም 4.7 ናኖ
103 ማለት 10 ናኖ፣ ወይም 0.01 ማይክሮ
223 ማለት 22 ናኖ፣ ወይም 0.022 ማይክሮ
473 ማለት 47 ናኖ፣ ወይም 0.047 ማይክሮ
104 ማለት 100 ናኖ፣ ወይም 0.1 ማይክሮ
334 ማለት 330 ናኖ፣ ወይም 0.33 ማይክሮ
105 ማለት 1 ማይክሮ
225 ማለት 2.2 ማይክሮ
106 ማለት 10 ማይክሮ

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ያኔ ለ555ቷ የሚያስፈልገን 106 ነበር፤ እኛ የሰካነው 103 ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ሦስት ዜሮ ናት ሁለት አይሲ ያስጣለችን።

ራሳችሁን የምትፈትሹበት ሌላም መንገድ አለ። የካፓሲተር ዋጋዎች በብዛት ከነዚህ ቁጥሮች ይጀምራሉ፦ 10፣ 15፣ 22፣ 33፣ 47፣ 68። ኮዱን አንብባችሁ «74» ዓይነት መነሻ ከወጣላችሁ እንደገና ተመልከቱት። ምናልባት ገልብጣችሁ እያነበባችሁ ነው።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ዓይን አያየውም። የስልካችሁን ካሜራ ዙም አድርጋችሁ፣ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱት። የደበዘዘ ቁጥር እንኳን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ወጥመዶች

አንደኛ፣ 22 እና 220። ትንሽ ሴራሚክ ላይ 22 ብቻ ከተጻፈ 22 ፒኮ ነው። 220 ከተጻፈስ? «ሁለት መቶ ሃያ» ለማለት ይቸኩላል አፍ። ግን በኮዱ ስናነበው 22 እና ዜሮ ዜሮ ነው፤ ማለትም ምንም ዜሮ አይጨመርም። ስለዚህ እሱም 22 ፒኮ ነው። እውነተኛው 220 ፒኮ ላይ የሚጻፈው 221 ነው።

ይህች ነገር አርዱይኖን በብሬድቦርድ ላይ ራሳቸው ለሚሠሩ ታስፈልጋለች። የአትሜጋ 328 አይሲን ከ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ጋር ስታገናኙ ብዙውን ጊዜ ሁለት 22 ፒኮ ካፓሲተሮች ትጨምራላችሁ። በ22 ፒኮ ፈንታ 223 ከሰካችሁ 22 ናኖ አስገባችሁ ማለት ነው። ክሪስታሉ አይነሳም፣ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አያገኘውም፣ እናንተም ኮዱ ላይ ስህተት ስትፈልጉ ታድራላችሁ።

ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል። 104 ከሚለው ቀጥሎ «ኬ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስታዩ «ኪሎ» እንዳትሉ! እዚህ ቦታ ላይ ፊደሉ የሚናገረው ዕቃው ከተጻፈበት ዋጋ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ነው። «ጄ» 5 በመቶ፣ «ኬ» 10 በመቶ፣ «ኤም» ደግሞ 20 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈቅዳል። ስለዚህ 104 «ኬ» ማለት ከ90 እስከ 110 ናኖ ድረስ ያለ ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፣ መሃል ላይ የገባ ፊደል። በ4 እና በ7 መካከል «ኤን» የምትለዋን ፊደል ካያችሁ፣ ፊደሏ የነጥብን ቦታ ይዛለች ማለት ነው። 4.7 ናኖ ብላችሁ አንብቡት። ነጥብ በቀላሉ ስለሚጠፋ ነው እንዲህ የሚጽፉት። የማይክሮ ምልክትም እንደዚያው መሃል ሊገባ ይችላል። የማይክሮ ምልክት ከፊት ረዘም ያለ ጭራ ያላት፣ የእንግሊዝኛዋን «ዩ» የምትመስል የግሪክ ፊደል ናት። ለዚህም ነው ሻጮች በስልክ ሲጽፉ በሷ ፈንታ «ዩ» የሚጠቀሙት።

አራተኛ፣ ነጥብ ያለበት ቁጥር። ፊልም ካፓሲተር ላይ 0.1 ወይም 0.047 ተጽፎ ካያችሁ በአብዛኛው ቁጥሩ በማይክሮፋራድ ነው። ዜሮውን ትተው ከነጥብ የሚጀምሩም አሉ።

አምስተኛ፣ የድሮ የአሜሪካ ዲያግራሞች። እነዚህ ናኖን ጭራሽ አይጠቀሙም፤ ወይ ማይክሮ ወይ ፒኮ ነው። 10 ናኖን 0.01 ማይክሮ ብለው ይጽፉታል። ዲያግራም ከኢንተርኔት ስታወርዱ አንዱ ናኖ እያለ ሌላው የማይለው ለዚህ ነው። እነሱ ናኖን ቢተውትም እናንተ ስትቀይሩ በሱ በኩል እለፉ።

ትልልቆቹ፦ ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ ግን ሌላ ጣጣ አለ

ቆርቆሮ የሚመስሉት ክብ የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ኮድ አያስፈልጋቸውም። 100 ማይክሮ 25 ቮልት ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮችን ማንበብ ግድ ነው።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። እነዚህ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው። ጎናቸው ላይ ያለው ነጭ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ሰንበር የኔጋቲቩን እግር ያሳያል። አዲስ ከሆነ ደግሞ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ገልብጣችሁ ከሰካችሁት ውስጡ ይሞቃል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፊታችሁን አስጠግታችሁ እየተመለከታችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ዓይን ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልዩነት አለ። ቦርድ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ቢጫ ወይም ጥቁር የታንታለም ካፓሲተሮችም መስመር አላቸው፤ ነገር ግን የነሱ መስመር የሚያሳየው ፖዘቲቩን ነው! በተቃራኒው ማለት ነው። ታንታለም ተገልብጦ ሲሰካ ደግሞ በእሳት ሊነድ ይችላል። የታንታለም ዋጋም እንደ ሴራሚኩ በኮድ ሊጻፍ ይችላል፤ 107 ካለ 10 እና ሰባት ዜሮ ፒኮ፣ ማለትም 100 ማይክሮ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቮልት ነው። የተጻፈው ቮልት ካፓሲተሩ ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሰጠው አይደለም። 25 ቮልት የተባለ ካፓሲተር 12 ቮልት ሰርኪውት ላይ ያለምንም ችግር ይሠራል። 10 ቮልት የተባለውን 12 ቮልት ላይ ማድረግ ግን አይቻልም።

ፊልም ካፓሲተሮች ላይ ቮልቱም በኮድ ሊጻፍ ይችላል። 1 እና «ኤች» 50 ቮልት፣ 2 እና «ኤ» 100 ቮልት፣ 2 እና «ጂ» 400 ቮልት፣ 2 እና «ጄ» 630 ቮልት ነው። እንግዲህ 2 «ኤ» 104 «ጄ» የሚል ብታዩ አሁን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ፦ 100 ቮልት፣ 100 ናኖ፣ በ5 በመቶ ሊዛነፍ የሚችል።

ምንም ያልተጻፈበትስ?

ስልክና ላፕቶፕ ቦርድ ላይ ያሉት ሩዝ የሚያካክሉ ቡናማ ሴራሚኮች በብዛት ምንም አይጻፍባቸውም። በዓይን ወይም በቀለም መገመት አይቻልም። ያለው መፍትሔ በካውያ አንስቶ በመልቲሜትር መለካት ነው፣ ወይም የቦርዱን ዲያግራም ማግኘት። ቦርድ ላይ እንዳለ ከለካችሁት አጠገቡ ያሉት ሌሎች ዕቃዎች አብረው ስለሚለኩ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

ለመለካት መልቲሜትራችሁ የካፓሲተር መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ከመለካታችሁ በፊት ካፓሲተሩ ውስጥ ምንም ቻርጅ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሜትራችሁን ልታበላሹት ትችላላችሁ። ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚወጣውን ትንሽ ምልክትም አትለፉት። 98 ናኖ እና 98 ማይክሮ ስክሪን ላይ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ

መርካቶ ወርዳችሁ «100 ናኖ አለ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «የለም» ቢሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። «104 አለ?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሻጩ ዕቃውን የሚያውቀው ላዩ ላይ ባለው ቁጥር ነው። እንደ 7805 ያለ የ5 ቮልት ሬጉሌተር የምትሠሩ ከሆነ ዳታሺቱ በመግቢያው በኩል 0.33 ማይክሮ፣ በመውጫው በኩል 0.1 ማይክሮ ይላችኋል። ወደ ሱቅ የምትሄዱት ግን «334 እና 104» ብላችሁ ጽፋችሁ ነው።

የምትፈልጉት ዋጋ ከጠፋስ? ሁለት ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን፣ እግር ለእግር ስታገናኟቸው ዋጋቸው ይደመራል። ሁለት 47 ማይክሮ 94 ማይክሮ ይሆናሉ። ኤሌክትሮላይቲክ በ20 በመቶ መዛነፉ የተለመደ ስለሆነ ለብዙ ሥራ በ100 ማይክሮ ፈንታ ይሄዳሉ። ተከታትለው በአንድ መስመር ሲገናኙ ግን በተቃራኒው ይቀንሳል፤ ሁለት እኩል 100 ናኖ 50 ናኖ ይሆናሉ። ይህ ከሬዚስተር ጋር ሲነጻጸር ግልባጭ ነው፤ አትሳቱ።

ያበጠ ካፓሲተር ለመቀየር ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ አልነሳ ካለ የዲሽ ሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ ላይ፣ ሕጉ ይህ ነው፦ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ የሙቀት መጠኑም 105 ዲግሪ የሚል ከሆነ 85 አታድርጉበት። ቮልት ሲጨምር አካሉም ስለሚተልቅ ቦታው እንደሚበቃው ቀድማችሁ ለኩ።

የግድግዳ ኤሌክትሪክ መግቢያ ላይ ያሉትን ግን በተራ ካፓሲተር እንዳትተኳቸው። አራት ማዕዘን ሆነው ከዋጋቸው ጋር «ኤክስ 2» የሚል ምልክት ያላቸው፣ ሲበላሹ እሳት እንዳያስነሱ ተብለው የተሠሩ ናቸው። የሚተኩት በራሳቸው ዓይነት ብቻ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። ይሄኛው ግን ስለ ሕይወት ነው።

ካፓሲተር ሮቶ ነው ብለናል። መስመሩ ቢዘጋም ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ። ልክ እንደዚያው ዕቃውን ከሶኬት ብትነቅሉትም ካፓሲተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። የቤታችን 220 ቮልት በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ወደ ዲሲ ሲቀየር ዋናው ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። እዚያ ቦታ ላይ 400 ቮልት የሚል ካፓሲተር የምታዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብ ዋጋውን ከማወቅ ያለፈ ጥቅም አለው፤ 400 የሚል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ!

ካፓሲተሩን በዊንች ወይም በሽቦ «ጧ» አድርጎ ማጥፋት ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እናንተ አታድርጉት። ብልጭታው ብረት ያቀልጣል፣ ቦርድም ያበላሻል። ጠጋኞች የሚመክሩት ነቅሎ መቆየት፣ ከዚያ 10 ኪሎኦም 5 ዋት አካባቢ ያለ ሬዚስተርን በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ለጥቂት ሰከንዶች ከሁለቱ እግሮች ጋር ማገናኘት፣ በመጨረሻም በመልቲሜትር ቮልቱ ወደ ዜሮ መውረዱን ማረጋገጥ ነው። አዲስ ከሆናችሁ ግን ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኝን ነገር ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትክፈቱ። ማይክሮዌቭን ደግሞ ጭራሽ አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር በሺህ የሚቆጠር ቮልት የሚይዝ ነው፣ ሰው ይገድላል።

በባትሪ፣ በ5 ቮልትና በ9 ቮልት ብዙ መማር ይቻላል። 555ቷም የምትሠራው በዚያ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

ጥያቄ 1፦ ሴራሚክ ላይ 474 ተጽፏል። ስንት ነው?
ጥያቄ 2፦ ዲያግራሙ 0.01 ማይክሮ ይላል። ሱቅ ሄዳችሁ የትኛውን ኮድ ትጠይቃላችሁ?
ጥያቄ 3፦ ያበጠው ካፓሲተር 1000 ማይክሮ 10 ቮልት ነበር። ሱቁ ያለው 1000 ማይክሮ 16 ቮልት እና 1000 ማይክሮ 6.3 ቮልት ነው። የቱን ትገዛላችሁ?

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ግራም፣ ኪሎ፣ ቶን እያላችሁ ሞክሩት።

መልስ 1፦ 47 እና አራት ዜሮ፣ 470,000 ፒኮ። ይህም 470 ናኖ፣ ወይም 0.47 ማይክሮ ነው።
መልስ 2፦ 0.01 ማይክሮ 10 ናኖ ነው፣ 10 ናኖ 10,000 ፒኮ ነው። ስለዚህ 103።
መልስ 3፦ ባለ 16 ቮልቱን፤ ቦታው ከበቃው። ባለ 6.3ቱ ከድሮው ያነሰ ስለሆነ አይሆንም።

ሦስቱንም ካገኛችሁ ከኛ አጀማመር ትሻላላችሁ።

በነገራችን ላይ ያቺን 103 አልጣልናትም። ዕቃ ሳጥናችን ክዳን ላይ ለጥፈናታል፤ ካፓሲተር ለማንሳት በከፈትነው ቁጥር እናያታለን። እናንተስ ካፓሲተር አሳስቷችሁ ያውቃል? በኮመንት ጻፉልን፣ እንሳሳቅ። ብሬድቦርድ የገዛ ጓደኛ ካላችሁም ይህን ላኩለት፤ ደህና አይሲ ከመጣሉ በፊት ይድረስለት።

ሰላም ሁኑ!